የቤት ብድርን ሪፋይናንስ ማድረግ፦ አማራጮቹ፣ ወለዱና ሂሳቡ

ሪፋይናንስ ማለት የቤት ባለቤት ያለበትን ሞርጌጅ በአዲስ ብድር ከፍሎ መዝጋት ነው። አዲሱ ብድር ከቀድሞው አበዳሪም ሆነ ከሌላ ሊወሰድ ይችላል፤ በየትኛውም መንገድ ቤቱ እንደገና በመያዣነት ይመዘገባል፣ ገቢና ክሬዲት እንደገና ይመረመራል፣ የክሎዚንግ፣ ማለትም የብድሩ መፈረሚያ፣ ወጪም እንደገና ይከፈላል። በአሜሪካ ቤት የገዙ ሰዎች የያዙት ወለድ እጅግ የተራራቀ ነው። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፍሬዲ ማክ ሐሙስ ሐሙስ የሚያወጣው የ30 ዓመት ቋሚ ወለድ አማካይ በጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. 2.65 በመቶ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ደግሞ 7.79 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ ለአንዱ ጎረቤት ትልቅ ቁጠባ የሆነ ሪፋይናንስ ለሌላው ኪሳራ ይሆናል። ውሳኔው በወሬ ወይም በፖስታ በሚመጣ ማስታወቂያ ሳይሆን በራስ ብድር ቁጥሮች ላይ መቆም ይኖርበታል።

1. ያለውን ብድር በሚገባ ማወቅ

የሚያስፈልጉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፦ የቅርቡ ወርሃዊ ስቴትመንትና በግዢው ቀን የተፈረመው የብድር ውል። ከእነዚህ ላይ ቀሪው ዋና ገንዘብ፣ የወለዱ መጠን፣ ወለዱ ቋሚ ወይም ተለዋዋጭ መሆኑ፣ የቀሩት ወራት ብዛት፣ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም ብድሩን ቀድሞ መዝጋት የሚያስከትለው ቅጣት ካለ ተመዝግቦ ይያዛል።

እዚህ ላይ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ወርሃዊ ክፍያው ዋና ገንዘብንና ወለድን ብቻ ሳይሆን፣ አበዳሪው በኤስክሮ ሂሳብ እያጠራቀመ የሚከፍላቸውን የንብረት ታክስና የቤት ኢንሹራንስንም ይይዛል። ክፍያው ድንገት 200 ዶላር ሲጨምር ብዙ ሰው ወለዱ የወጣበት እየመሰለው ሪፋይናንስ ለማድረግ ይሮጣል። ወለዱ ቋሚ ከሆነ ግን የጨመረው ታክሱ ወይም ኢንሹራንሱ ነው፤ አዲስ ብድር ሁለቱንም አይቀንስም። የታክስ መፍትሔው ለካውንቲው የቤት ግምት ይግባኝ ማቅረብ፣ የኢንሹራንስ መፍትሔው ደግሞ ኩባንያዎችን ማወዳደር ነው።

2. ዓላማን ለይቶ አማራጩን መምረጥ

ሪፋይናንስ በዓላማው ይለያያል፤ ዓላማው ያልተለየ ሰው ለአበዳሪው ሠራተኛ፣ ለሎን ኦፊሰሩ፣ የሚመቸውን ይዞ ይወጣል።

የመጀመሪያው ዓይነት ወለድን ወይም የብድር ዘመንን ብቻ የሚለውጥ ነው። ወለድ ለማስቀነስ፣ ከ30 ዓመት ወደ 20 ወይም ወደ 15 ለማሳጠር፣ ወይም ከተለዋዋጭ ወለድ ወደ ቋሚ ለመሸጋገር ይውላል። በእጅ የሚደርስ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህም ርካሹ እሱ ነው። ቤት ሲገዛ ክሬዲታቸውን ያዋሱ ወንድም ወይም እህት ካሉ፣ ወይም ባልና ሚስት ከተፋቱ፣ ስምን ከብድሩ ለማውጣት የሚያገለግለውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ስምን ከቤቱ ካርታ ላይ ማስነሳትና ከብድሩ ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከካርታው ወጥቶ ከብድሩ ያልወጣ ሰው ቤት ሳይኖረው ዕዳው ይቀርበታል፤ ለራሱ ቤት ለመግዛት ሲያመለክትም ያ ዕዳ ይቆጠርበታል።

ሁለተኛው በተለምዶ ካሽ አውት የሚባለው ነው። ከቀሪው ዕዳ የሚበልጥ ብድር ተወስዶ ልዩነቱ በጥሬ ገንዘብ ይወጣል። በመደበኛ (መንግሥት ዋስትና ባልሰጠው) ብድር የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ከሆነ አዲሱ ዕዳ ከቤቱ ዋጋ 80 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ ወለዱም ከመጀመሪያው ዓይነት ከፍ ይላል። የወጣው ገንዘብ ቤቱን ለማደስ ወይም ለማስፋት ካልዋለ የዚያ ድርሻ ወለድ ከታክስ አይቀነስም።

ሦስተኛው መንግሥት ዋስትና በሚሰጣቸው በኤፍኤችኤና በቪኤ ብድሮች ለተበደሩ የተዘጋጀው አጭር መንገድ ነው። የኤፍኤችኤ ስትሪምላይን ብዙውን ጊዜ የቤት ግምት አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከቀድሞው ክሎዚንግ ቢያንስ 210 ቀን ማለፉንና 6 ክፍያዎች መከፈላቸውን ይፈልጋል። በውትድርና አገልግለው የቪኤ ብድር የያዙ ደግሞ 0.5 በመቶ ብቻ የአገልግሎት ክፍያ ያለው የራሳቸው ቅናሽ መንገድ አላቸው።

ኤፍኤችኤን ለያዘ ሰው ከወለዱ በላይ ኢንሹራንሱ ሊታሰብበት ይገባል። ከጁን 2013 ወዲህ ከ10 በመቶ ያነሰ ዳውን ፔይመንት ተከፍሎበት በተወሰደ የኤፍኤችኤ ብድር ላይ የሞርጌጅ ኢንሹራንሱ ብድሩ እስኪያልቅ አይነሳም። በ300,000 ዶላር ዕዳ ላይ 0.55 በመቶ ማለት በዓመት 1,650 ዶላር ነው። የቤቱ ዋጋ ጨምሮ የባለቤቱ ድርሻ 20 በመቶ ከደረሰ፣ ወለዱ ብዙም ባይቀንስ እንኳ ወደ መደበኛ ብድር መዞር ሊያዋጣ ይችላል። መደበኛ ብድር ላይ ያለው የሞርጌጅ ኢንሹራንስ (ፒኤምአይ) ግን ሪፋይናንስ ሳያስፈልግ ይነሳል፦ ዕዳው ከቤቱ የመነሻ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ባለቤቱ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ በክፍያ ሰሌዳው መሠረት 78 በመቶ ሲደርስም ክፍያው ያልተጓደለ ከሆነ አበዳሪው በራሱ ማንሳት ግዴታው ነው።

በ3 በመቶ አካባቢ ወለድ የያዘ ሰው ለልጅ ትምህርት ወይም ለንግድ ገንዘብ ቢፈልግ ያን ብድር በካሽ አውት ማፍረስ አይገባውም። 250,000 ዶላርን ከ3 ወደ 6.5 በመቶ አውጥቶ 40,000 ዶላር መቀበል እጅግ ውድ የሆነ ገንዘብ ነው። ለዚህ የሚሻለው የመጀመሪያውን ብድር ሳይነኩ በቤቱ ድርሻ ላይ ሁለተኛ ብድር ወይም ሄሎክ የሚባለውን የብድር መስመር መክፈት ነው፤ ከፍተኛው ወለድ የሚያርፈው በ40,000ው ላይ ብቻ ይሆናል።

3. ወለዱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት

ፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ ቀነሰ በተባለ ቁጥር የሞርጌጅ ወለድ በዚያው ልክ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው። ፌድ የሚወስነው ባንኮች ለአንድ ሌሊት የሚበዳደሩበትን ወለድ ነው። የ30 ዓመት ሞርጌጅ ግን የሚከተለው የ10 ዓመቱን የአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ነው፤ ይህ ደግሞ ገበያው ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ኢኮኖሚው በሚጠብቀው ነገር ላይ ይንቀሳቀሳል። በሴፕቴምበር 2024 ፌድ ግማሽ በመቶ ሲቀንስ ገበያው ቀድሞ አስቦበት ስለነበር፣ በዚያ ወር መጨረሻ 6.08 በመቶ የነበረው የሞርጌጅ አማካይ በተከታዮቹ ሳምንታት ወደ ላይ ወጣ።

የአገሪቱ አማካይ አንድ ነገር ነው፤ ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጠው ዋጋ ሌላ ነው። በመደበኛ ብድር ከሁሉ የተሻለው የዋጋ እርከን የሚጀምረው ከ780 የክሬዲት ነጥብ ነው። የዕዳው መጠን ከቤቱ ዋጋ አንጻር፣ ቤቱ መኖሪያ ወይም የሚከራይ መሆኑ፣ ኮንዶሚኒየም መሆኑ፣ ካሽ አውት መሆኑ ሁሉ ወለዱን ያወጣዋል ወይም ያወርደዋል።

ተለዋዋጭ ወለድ ሲቀርብ "5/6" የሚል ምልክት ይታያል። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቋሚ ናቸው፤ ከዚያ በየ6 ወሩ ወለዱ ሶፈር በሚባለው መለኪያ ላይ የአበዳሪው ድርሻ ተጨምሮ ይታደሳል። መጠየቅ ያለበት የዛሬው ወለድ ብቻ ሳይሆን ጣሪያው ነው፦ በመጀመሪያው ለውጥ፣ በየለውጡና በብድሩ ዘመን ሁሉ ስንት በመቶ ሊጨምር እንደሚችል። በጣሪያው የሚመጣውን ክፍያ መሸከም ለማይችል ቤተሰብ ይህ ብድር አይሆንም።

ፖይንት ደግሞ ወለድን በቅድሚያ ገንዘብ መግዛት ነው። አንድ ፖይንት የብድሩ 1 በመቶ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወለዱን ሩብ በመቶ ገደማ ያወርዳል፤ ልኩ ግን በየአበዳሪው ይለያያል። ኤፒአር የሚባለው ቁጥር ወለዱን ከፖይንቱና ከአበዳሪው ክፍያዎች ጋር አንድ ላይ ስለሚያሳይ፣ ዝቅተኛ ወለድ በፖይንት ተገዝቶ እንደሆነ ያጋልጣል።

4. ሂሳቡን መሥራት

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ለመለኪያ አንድ ምሳሌ ይያዝ፦ 350,000 ዶላር በ7.25 በመቶ ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው ለዋና ገንዘብና ለወለድ በወር 2,388 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ከ3 ዓመት በኋላ ቀሪ ዕዳው ወደ 339,000 ዶላር ነው። አሁን ይህን በ6.25 በመቶ እንደገና ለ30 ዓመት ሪፋይናንስ ቢያደርግ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 2,087 ዶላር ይወርዳል፤ 300 ዶላር ያህል ያተርፋል። የክሎዚንግ ወጪው 9,000 ዶላር ቢሆን፣ 9,000 ለ300 ሲካፈል 30 ወር ይሆናል። ወጪው ተመልሶ ማትረፍ የሚጀምረው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቤቱን ለመሸጥ ወይም ሌላ ከተማ ለመሄድ ላሰበ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

አብዛኛው ሰው፣ ብዙ ሎን ኦፊሰሮችም ጭምር፣ ሂሳቡን በዚህ ይዘጋሉ። ግማሹ ግን ገና አልተሠራም። በቀድሞው ብድር 27 ዓመት ቀርቶ ነበር፤ ቀሪው ጠቅላላ ክፍያ ወደ 773,600 ዶላር ነው። አዲሱ ለ360 ወር ሲከፈል፣ የክሎዚንግ ወጪው ተጨምሮ፣ ወደ 760,400 ዶላር ይመጣል። ወለዱ ሙሉ 1 በመቶ ወርዶ በ30 ዓመት ውስጥ የተረፈው 13,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን የበላው እንደገና የተጨመረው 3 ዓመት ነው።

ያው ሰው ወለዱን አስቀንሶ ክፍያውን ሳይቀንስ፣ ማለትም 2,388 ዶላሩን በየወሩ እየከፈለ ቢቀጥል፣ ብድሩ በ259 ወር፣ በ21 ዓመት ተኩል አካባቢ ያልቃል። ጠቅላላ ወጪው ወደ 627,000 ዶላር ይወርዳል፤ ከቀድሞው ብድር ጋር ሲነጻጸር ወደ 146,000 ዶላር ያተርፋል። ያው ወለድ፣ ያው ወጪ፣ ያው ቤት ሆኖ በ13,000ና በ146,000 መካከል ያለውን ልዩነት የሚፈጥረው ያቺ 300 ዶላር የት እንደምትሄድ ነው። ስለዚህ አንድን ሪፋይናንስ በወርሃዊ ክፍያ ቅናሽ ብቻ መመዘን ትልቁ ስህተት ነው። በወር እጅ ያጠረው ቤተሰብ ቅናሹን መጠቀሙ ተገቢ ነው፤ ገቢው የሚበቃው ግን ዘመኑን ማሳጠር ወይም የድሮውን ክፍያ መቀጠል ይኖርበታል።

የክሎዚንግ ወጪ ብዙውን ጊዜ ከብድሩ ከ2 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። በውስጡ ያለው የምዝገባ ታክስ ከስቴት ስቴት ይለያል። በሜሪላንድ የመኖሪያ ቤት ብድር ሲታደስ የምዝገባ ታክሱ በአጠቃላይ ከቀድሞው ቀሪ ዋና ገንዘብ በላይ በሆነው ላይ ብቻ ይሰላል፤ በሚኒሶታ ግን በአዲሱ ብድር ሙሉ መጠን ላይ 0.23 በመቶ ገደማ ይከፈላል። "ያለ ክሎዚንግ ወጪ" የሚባለው ቅናሽ ሳይሆን አከፋፈሉን መለወጥ ነው፦ ወጪው ወይ በከፍ ያለ ወለድ ይተካል፣ ወይ በዋናው ገንዘብ ላይ ይደመራል። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ለሚለቅ ሰው ሊስማማ ይችላል፤ ለሚቆይ ግን ውድ ነው።

5. ክሬዲትና ሰነድ ማዘጋጀት

ከማመልከቻው ቢያንስ ሁለት ወር በፊት የኢኩዊፋክስ፣ የኤክስፔሪያንና የትራንስዩኒየን ሪፖርቶች ይታያሉ፤ ሦስቱንም በየሳምንቱ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ስህተት ካለ ማስተካከያው ጊዜ ይወስዳል። አበዳሪው የሚይዘው ከሦስቱ ነጥቦች መካከለኛውን ነው። የክሬዲት ካርድ ዕዳን ከገደቡ 30 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ10 በመቶ በታች ማውረድ ነጥብን በፍጥነት ከሚያነሱ ነገሮች አንዱ ነው።

ደሞዝተኛ የቅርብ ወር የክፍያ ደረሰኞችንና የሁለት ዓመት ደብልዩ-2 (የዓመት ደሞዝ መግለጫ) ያቀርባል። የታክሲና የኡበር ሹፌሮች፣ የምግብ ቤትና የሱቅ ባለቤቶች ግን የሁለት ዓመት የታክስ መግለጫ ይጠየቃሉ፤ ችግሩም የሚነሳው እዚህ ነው። አበዳሪው የሚቆጥረው የገባውን ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የተረፈውን ነው። ታክስ ለመቀነስ ተብሎ ወጪው የተከመረ ሰው በወረቀት ላይ ገቢ አልባ ይመስላል። ሆኖም የተቀነሰው ሁሉ አይቀርም፦ የመኪናው እርጅና ተመልሶ በገቢ ላይ ይደመራል። በ2024 በማይል ከተፈቀደው 67 ሳንቲም ውስጥ 30ው እርጅና ነበር። በዚያ ዓመት 40,000 ማይል ለሥራ የነዳ ሹፌር 12,000 ዶላር፣ ማለትም በወር 1,000 ዶላር፣ ወደ ገቢው ይመለስለታል። ይህን የማይደምር ሎን ኦፊሰር ስለሚያጋጥም በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ዓመት ሪፋይናንስ የታሰበ ከሆነም፣ የታክስ መግለጫው ከመሞላቱ በፊት ከሂሳብ ባለሙያው ጋር መነጋገር ይበጃል።

6. ቢያንስ ሦስት አበዳሪዎችን ማወዳደር

ባንክ፣ ክሬዲት ዩኒየንና ሞርጌጅ ብሮከር አንድ አንድ ቢጠየቁ ጥሩ ነው። ክሬዲት በተደጋጋሚ መታየቱ ያስፈራል፤ ነገር ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ የተደረጉ የሞርጌጅ ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ገደቡ በአዲሶቹ መለኪያዎች 45 ቀን፣ በአሮጌዎቹ 14 ቀን ስለሆነ ሁሉንም በሁለት ሳምንት ውስጥ መጨረስ አያስጎዳም። ወለድ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ዋጋዎቹ በአንድ ቀን ቢጠየቁ ንጽጽሩ እውነተኛ ይሆናል።

ስም፣ ገቢ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የቤቱ አድራሻ፣ የቤቱ ግምትና የሚፈለገው ብድር ከተሰጡት በኋላ አበዳሪው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ሎን ኢስቲሜት የተባለውን ባለ 3 ገጽ ሰነድ መስጠት በሕግ ይገደዳል። ተበዳሪው ልቀጥል ብሎ እስኪወስን ድረስ ከክሬዲት ሪፖርት ወጪ በስተቀር ምንም ሊያስከፍል አይችልም። ቀድሞ "የማመልከቻ" ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚያው መተው ነው። የሎን ኦፊሰሩ የኤንኤምኤልኤስ (የፈቃድ መዝገብ) ቁጥር ተጠይቆ በሕዝባዊ መዝገቡ ላይ ይረጋገጣል፤ ሰውየው የአገር ልጅ ወይም የቤተሰብ ወዳጅ መሆኑ ይህን አያስቀርም።

ሎን ኢስቲሜቶቹ ሲነጻጸሩ የታችኛውን ድምር ማየት ያሳስታል፤ የታክስና የኢንሹራንስ ቅድመ ክፍያዎች የትም ቢኬድ ያው ናቸው፣ አንዳንዱ ግን አሳንሶ ይጽፋቸዋል። መታየት ያለባቸው በገጽ 2 ላይ ያሉት ክፍል ኤና ክፍል ቢ፣ ከእነሱም የሚቀነሰው የአበዳሪው ክሬዲት ናቸው። በክፍል ሲ ያሉትን፣ በተለይ የቤቱን ባለቤትነት የሚያጣራውን የታይትል ኩባንያ፣ ተበዳሪው ራሱ መምረጥ ይችላል፤ ቀድሞ የታይትል ኢንሹራንስ ያለው ሰው የቅናሽ ዋጋ መኖሩን ይጠይቅ። ገጽ 3 ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ጠቅላላ የሚከፈለውና ከዚያ ዋናውን ገንዘብ የሚቀንሰው ተጽፏል፤ ሁለት ብድሮችን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው ያ ቦታ ነው።

7. ወለዱን ማስቆለፍና ምርመራውን ማለፍ

ወለድ ብዙውን ጊዜ ለ30፣ ለ45 ወይም ለ60 ቀን ይቆለፋል። ቁልፉ በጽሑፍ መሰጠት አለበት፤ የሚያበቃበት ቀንና ማራዘሚያው የሚያስከፍለው ተጠይቆ ይታወቅ። ወለድ እስኪወርድ ተብሎ ሳይቆለፍ መጠበቅ፣ ሂሳቡ አስቀድሞ ለሚያዋጣ ሰው፣ ትርፍን በዕጣ ላይ መጣል ነው።

አበዳሪው የቤቱን ግምት ካስጠና ቅጂው ከክሎዚንግ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን በፊት ለተበዳሪው ይደርሳል። ካሬ ጫማው ወይም የመኝታ ክፍሎቹ ቁጥር ከተሳሳተ፣ ወይም የተመሳሰሉት ቤቶች ካልተመጣጠኑ፣ በማስረጃ እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ መኪና በብድር መግዛት፣ አዲስ ካርድ ማውጣት፣ ለሌላ ሰው መፈረም ወይም ሥራ መቀየር ብድሩን ሊያስቀር ይችላል፤ ክሬዲትና ሥራ ከክሎዚንግ በፊት ዳግመኛ ይታያሉና። የድሮው ብድር ክፍያም እስከ መጨረሻው አይቋረጥም።

8. ክሎዚንግና ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የተባለው ባለ 5 ገጽ ሰነድ ከፊርማው 3 የሥራ ቀን በፊት ይደርሳል። ከሎን ኢስቲሜቱ ጋር በመስመር በመስመር ይነጻጸር። በክፍል ኤ ያለው የአበዳሪው ክፍያ፣ ሁኔታ ካልተለወጠ በስተቀር፣ መጨመር አይችልም። የባንክ መላኪያ መረጃ በኢሜይል ከመጣ፣ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ለታይትል ኩባንያው ተደውሎ ሳይረጋገጥ ገንዘብ አይላክ፤ በዚህ መንገድ ለአጭበርባሪ የተላከ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

የመኖሪያ ቤት ሪፋይናንስ ከሌላ አበዳሪ ጋር ሲፈረም ተበዳሪው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ያለ ምክንያት መሰረዝ ይችላል። ለዚህ ቆጠራ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ እሑድና የፌዴራል በዓላት አይደሉም። ስረዛው በጽሑፍ ይደረጋል። ለኪራይ ቤት ይህ መብት የለም፤ ከዚያው አበዳሪ ጋር ተጨማሪ ገንዘብ ሳይወሰድ ለተደረገ ሪፋይናንስም እንዲሁ።

ከክሎዚንግ በኋላ "አንድ ወር ክፍያ ታልፏል" ሲባል ወለዱ አልተማረም፤ በክሎዚንጉ ሂሳብ ውስጥ ገብቷል። በቀድሞው ኤስክሮ የቀረው ገንዘብ ዕዳው ከተዘጋ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። የድሮው አውቶማቲክ ክፍያ የሚቋረጠው የመዝጊያ ማረጋገጫው ከደረሰ በኋላ ነው፤ የቤት ኢንሹራንሱ ላይ የአዲሱ አበዳሪ ስም መግባቱም ይረጋገጣል። ተጨማሪ ለመክፈል የወሰነ ሰው ትርፉ "ለዋና ገንዘብ" ተብሎ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ቅድመ ክፍያ ሆኖ ሊያዝ ይችላል። በመጨረሻም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ገብቶ የቀድሞው አበዳሪ እገዳ መነሳቱ ይታያል፤ ካልተነሳ የታይትል ኩባንያው ተከታትሎ እንዲያስነሳ ይጠየቃል።